ዛፉ እስከ ስንት ይወርዳል?

አንድ አጭር እኩልታ ልስጣችሁ። የማናውቀውን ቁጥር ሀ እንበለው። 2ን በ2.718 አባዙ፤ በሒሳብ ኢ የሚባለው ቁጥር ነው። ውጤቱን ለሀ አካፍሉ። የተገኘውን ቁጥር የተፈጥሮ ሎጋሪዝም፣ ማለትም ያን ቁጥር ለማግኘት ኢ ስንት ጊዜ በራሱ እንደሚባዛ፣ ውሰዱና መልሳችሁ በሀ አባዙት። መጨረሻ ላይ ድፍን 1 እንዲመጣ ሀ ስንት መሆን አለበት? መልሶቹ ሁለት ናቸው፦ 0.3733 እና 4.3111። ሦስተኛ የለም።

ሁለቱም ቁጥሮች ስለ ፍለጋ ዛፍ፣ ማለትም ኮምፒውተር ስሞችን አስቀምጦ ስለሚፈልግበት አንድ ዘዴ፣ የሚናገሩት ነገር አላቸው። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ስሞች አንድ በአንድ ይመጣሉ። የመጀመሪያው ስም ስሩ ላይ ይቀመጣል። ቀጣዩ በፊደል ተራ ከሱ የሚቀድም ከሆነ ወደ ግራ፣ የሚከተል ከሆነ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውም እንዲሁ ከስሩ ጀምሮ ግራና ቀኝ እያለ ይወርድና ባዶ ቦታ ሲያገኝ እዚያው ይቀመጣል። ስም መፈለግም በዚያው መንገድ ነው። የኮምፒውተር ሰዎች ዛፉን ዘቅዝቀው ስለሚስሉት ስሩ ያለው ከላይ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ዛፍ ላይ አንወጣም፣ እንወርዳለን።

አሁን ስሞቹ ያለምንም ተራ፣ በዘፈቀደ መጡ እንበል። የስሞቹን ብዛት የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ውሰዱ። አንድ ስም በአማካይ የሚቀመጥበት ጥልቀት የዚህ ሎጋሪዝም 2 እጥፍ ያህል ነው። ከሁሉም ታች የወረደው ስም 4.3111 እጥፍ ያህል ይወርዳል። ዛፉ ከላይ ሲታይ ቀዳዳ ሳይኖረው ሙሉ ሆኖ የሚዘልቀው ደግሞ እስከ 0.3733 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ለአንድ ሚሊዮን ስም በእነዚህ እጥፎች ብቻ በግምት ብናሰላው 5 ደረጃ ድረስ ሙሉ፣ አማካዩ 28 አካባቢ፣ ጥልቁ 60 አካባቢ ይሆናል። ፍጹም ሚዛናዊ ዛፍ ቢሆን 20 ደረጃ ይበቃው ነበር። እንዲያው በዘፈቀደ የተከመረ ነገር እንዲህ ያለ ልክ አለው ብሎ ማን ያስባል?

ይህ ጉዳይ ወደ እኔ ቤት የገባው በዕድር በኩል ነው። እዚህ ባሕር ዳር የሰፈራችን ዕድር መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ፈለገ፤ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ለነገሩ ኤክሴል ይበቃ ነበር። ግን ከራሴ ኮድ ጋር መጫወት አማረኝና የፍለጋ ዛፍ ልሠራለት አልኩ። የዕድሩ ጸሐፊ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የእጅ ጽሑፋቸው የታተመ ይመስላል። ዝርዝሩን ሲሰጡኝ «ልጄ፣ እንዳትቸገር ብዬ በፊደል ተራ አስተካክዬ ነው የጻፍኩልህ» አሉኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ።

ለፍለጋ ዛፍ ደግሞ ከፊደል ተራ የባሰ ነገር የለም። ሁሌም የሚመጣው ስም ካለፈው የሚከተል ስለሆነ ሁሉም ወደ ቀኝ ብቻ ይሄዳል። ዛፍ መሆኑ ቀርቶ ሰልፍ ይሆናል። 1,000 ስም ቢኖር አንዱን ለማግኘት በአማካይ 500 ስም ማየት ነው። ያንኑ ዝርዝር አተራምሰን በዘፈቀደ ብናስገባው ግን አማካዩ ወደ 12 ይወርዳል። ቀመሩም አለ፤ ከ1 እስከ ብዛቱ ድረስ ያሉትን ቁጥሮች ግልባጭ ደምሮ፣ እጥፍ አድርጎ፣ በትንሽ ማስተካከያ 3 መቀነስ ነው። ለ1,000 ስም 11.99 ይሰጣል። ፍጹም ሚዛናዊው ዛፍ ደግሞ 9 ያህል ይጠይቃል።

ዝርዝሩን ማተራመሴን ጋሼ ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። «ያን ሁሉ ለፍቼ?» አሉ። «ጋሼ፣ ሲወጣ በፊደል ተራ ነው የሚወጣው፤ ሲገባ ብቻ ነው የተዘበራረቀው» አልኳቸው። እውነትም ነው። ዛፉን ከግራ ወደ ቀኝ ካነበቡት፣ ስሞቹ በምንም ተራ ይግቡ፣ ሲወጡ ተሰልፈው ነው። አተያያቸው ግን ብዙም ያመኑኝ አይመስልም ነበር።

የ12 እና የ9 ልዩነት ከየት መጣ? የስሞቹ ብዛት እየጨመረ ሲሄድ ጥምርታው ወደ 1.386 ይጠጋል። ይህ ቁጥር የ2 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም እጥፍ ነው። ማለትም ምንም ሳንጠነቀቅ፣ ምንም ሳናመጣጥን፣ ዕድል ብቻ የሠራው ዛፍ ከፍጹሙ የሚብሰው በ39 በመቶ ነው። ለእኔ ይህ በጣም ርካሽ ነው። ቶኒ ሆር የዛሬ ስድሳ ምናምን ዓመት ያወጣው ኩዊክሶርት የሚባለው የመደርደሪያ ዘዴም አማካይ ወጪው ላይ ይኸው 1.386 አለ። አጋጣሚ አይደለም። ኩዊክሶርት ሲሠራ ዛፉን ሳይስለው ያንኑ የፍለጋ ዛፍ እየገነባ ነው።

ስለ አማካዩ ይህን ያህል ከተባለ ይበቃል። እኔን የያዘኝ 4.3111 ነው። አንድ ፖሊቴክኒክ የሚያስተምር ወዳጄ አለኝ፤ ወደ ማታ ጣና ዳር አብረን እንራመዳለን። እሱ አማካይ የሚባል ነገር አይወድም። «አማካዩ ለሪፖርት ነው፤ ሰው የሚያማርረው መጨረሻ የደረሰው ሰው ነው» ይላል። ትክክል ነው። ስሙ ከታች የተቀመጠ ሰው አማካዩ 12 ነው ቢሉት ምን ይፈይድለታል?

የታችኛው ስም የት እንዳለ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። በ1979 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሮብሰን የሚባል ተመራማሪ የዛፉ ቁመት፣ ማለትም የታችኛው ስም ጥልቀት፣ በአማካይ ከሎጋሪዝሙ 4.311 እጥፍ እንደማያልፍ አሳየ። በ1984 ቦሪስ ፒተል ቁመቱ ለሎጋሪዝሙ ሲካፈል ወደ አንድ ቋሚ ቁጥር እንደሚጠጋ አረጋገጠ፤ ቁጥሩ ግን ስንት እንደሆነ አልቆረጠለትም። በ1986 ሉክ ዴቭሮይ መጥቶ ያ ቁጥር ራሱ 4.311 መሆኑን አሳየ። ጣሪያ ነው የተባለው ልኩ ሆኖ ተገኘ።

ማረጋገጫው የመጣበት መንገድ ይገርማል። ስሩ ላይ የተቀመጠው ስም የቀሩትን ለሁለት ይከፍላቸዋል። በዘፈቀደ ስለመጣ መክፈያው የትም ቦታ ሊያርፍ ይችላል፤ ግማሽ ላይም፣ ጫፍ ላይም፣ ዕድሉ እኩል ነው። እያንዳንዱ ክፋይ እንደገና ይከፈላል። በየደረጃው የመንገዱ ብዛት 2 እጥፍ ይሆናል፤ የየመንገዱ ድርሻ ደግሞ ይጠባል። አብዛኛው መንገድ ቶሎ ባዶ ይሆናል። አንዳንዱ ግን ዕድል ቀንቶት በየክፍፍሉ ሰፊውን ወገን እየያዘ ይወርዳል። የመንገዱ መብዛትና የድርሻው መጥበብ የሚተካከሉበት ቦታ ላይ ነው ያ እኩልታ የሚወለደው። 2 የመጣው ከሁለቱ ቅርንጫፎች ነው። ሁለተኛው መልስ፣ 0.3733፣ ደግሞ ተቃራኒውን፣ በየክፍፍሉ ጠባቡን ወገን እየያዘ ከሁሉ ቀድሞ ያለቀውን መንገድ ይነግረናል። አንድ እኩልታ፣ ሁለት ጽንፍ።

ይህ ስሌት የተበደረው ከቤተሰብ ስም ጥያቄ ነው። በ1873 ፍራንሲስ ጋልተን የእንግሊዝ ቤተሰቦች ስም እየጠፋ መሄዱ አሳስቦት፣ አንድ የቤተሰብ ስም ጨርሶ የመጥፋት ዕድሉ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። በቀጣዩ ዓመት ከሄንሪ ዋትሰን ጋር መልስ ጻፉ። ወንድ ልጅ የወለደ ስሙን ያስቀጥላል፣ ያልወለደ ስሙ ይቆረጣል፤ በየትውልዱ ቅርንጫፍ ይበዛል ወይ ይደርቃል። ወዳጄ ይህን ስነግረው ሳቀ። እኛ ጋ ጋልተን ቢወለድ ኖሮ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም ነበር። የእኛ ስም በየትውልዱ አንድ እርምጃ ይወርዳል፤ የአባት ስም የአያት ይሆናል፣ ከዚያም ከመታወቂያው ላይ ይወጣል። ሁሉም ስም ይጠፋል፤ ስሌት አያስፈልገውም።

በ2003 ደግሞ ብሩስ ሪድ ነገሩን የበለጠ አጠራው። ከ4.311 እጥፉ ላይ የሎጋሪዝሙን ሎጋሪዝም 1.953 እጥፍ መቀነስ አለበት። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ስህተት፣ ዛፉ የቱንም ያህል ቢያድግ፣ ከተወሰነ ልክ አያልፍም። ማይክል ድርሞታም በዚያው ሰሞን በሌላ መንገድ ተመሳሳይ ቦታ ደርሷል። ይህ ማለት ሁለት ሰዎች ሚሊዮን ስም ለየብቻቸው አተራምሰው ሁለት ዛፍ ቢሠሩ ቁመታቸው በጥቂት ደረጃ ቢለያይ ነው። ዕድል ራሱ ይሉኝታ አለው።

ዕድልን ማመን የማይፈልግ ዋስትና ይገዛል። በ1962 አደልሰን ቬልስኪና ላንዲስ የሚባሉ ሁለት የሶቪየት ሒሳበኞች ስም በገባ ቁጥር ራሱን የሚያመጣጥን ዛፍ አወጡ። የዚህ ዛፍ ቁመት በከፋው ጊዜ እንኳ ከፍጹሙ 1.44 እጥፍ ያህል ነው። እዚህ ላይ ወርቃማው ጥምርታ ብቅ ይላል፤ 1.4404 የሚመጣው ከሱ ነው። በጣም ጥሩ ዛፍ ነው፤ ኮዱ ግን ያሰለቻል። አልፈዋለሁ።

ሌላ ዓይነት ዛፍ አለ፤ ስሞችን እርስ በርስ የማያወዳድር። የስሙን ቢቶች፣ ማለትም ዜሮና አንዶቹን፣ በየተራ እያየ 0 ከሆነ ግራ፣ 1 ከሆነ ቀኝ ይላል። ዲጂታል የፍለጋ ዛፍ ይባላል። ቢቶቹ ሳንቲም እንደመጣል ዘፈቀዳዊ ከሆኑ ይህ ዛፍ ራሱን ሳያመጣጥን ወደ ፍጹሙ በጣም ይጠጋል፤ ለ1,000 ስም አማካዩ 9.25 ያህል ነው። ቀመሩ ውስጥ 1.6067 የሚባል ቁጥር ይገኛል። በወረቀት ልታሰሉት ትችላላችሁ፦ 1፣ ሲደመር አንድ ሦስተኛ፣ ሲደመር አንድ ሰባተኛ፣ ሲደመር አንድ አሥራ አምስተኛ፣ እያለ ይቀጥላል። ፖል ኤርዶሽ በ1948 ይህ ቁጥር የሁለት ሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ ሆኖ ሊጻፍ እንደማይችል አረጋግጧል። ያኔ ስለ ፍለጋ ዛፍ አላሰበም። ቁጥሩ ቀድሞ ተሠርቶ ነበር፤ ሥራ ያገኘው በኋላ ነው።

እዚሁ ዛፍ ላይ 0.372 የሚባልም አለ። ከስሞቹ መካከል ከሥራቸው ማንም የሌለ፣ ማለትም ቅጠል የሆኑት፣ ስንት እጅ ናቸው? በተራው የፍለጋ ዛፍ መልሱ ቀላል ነው፤ አንድ ሦስተኛ። በዲጂታሉ ግን ጥያቄውን ያነሳው ዶናልድ ክኑዝ ክፍት ትቶት ነበር። በ1986 ፊሊፕ ፍላዦሌና ሮበርት ሴጅዊክ ናቸው የፈቱት። 0.372046 እያለ ይቀጥላል። በአንድ ሦስተኛና በዚህ ቁጥር መካከል ያለው ርቀት ትንሽ ይመስላል፤ ለመሻገር ግን የከበደ ሒሳብ ጠይቋል።

አሁን ይህን ዛፍ ወደ ዕድራችን መዝገብ እናምጣው። እዚህ ላይ ቋሚ ቁጥሮቹ ሁሉ ይከዱናል። አማርኛ ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አሠራር ነው። እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት፣ ማለትም 24 ቢት ይይዛል። የዋናው የፊደል ገበታችን የመጀመሪያ ባይት ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ ሀም ሆነ ፐ ያው ነው። ሁለተኛው ባይት ሊይዝ የሚችለው 6 ዋጋ ብቻ ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ ከነቤተሰባቸው አንዱን ይጋራሉ፤ ገ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ሌላውን። ልዩነቱ በደንብ የሚታየው ሦስተኛው ባይት ላይ ነው። ቢት በቢት ብንቆጥረው ከ24ቱ 15ቱ መቼም አይለወጡም። ዘፈቀዳዊ ይሁን የተባለው ሳንቲም ከግማሽ በላይ ጊዜ ሁለቱም ጎኑ አንበሳ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ 13 ቢቶች በሁሉም ፊደል ተመሳሳይ ስለሆኑ 13 ደረጃ ያለ ቅርንጫፍ ትወርዳላችሁ፤ በቀጣዩ ፊደል እንደገና።

መፍትሔ አለ። ፊደሎቹን በ9 ቢት አጭሮ መጻፍ ይቻላል። ወይም ዶናልድ ሞሪሰን በ1968 ያመጣውን ዘዴ መጠቀም፤ ቅርንጫፍ የሌለበትን መንገድ ዘሎ ያልፋል። ግን ኮዱ ተስተካክሎም የጎጃም ስም አለ። የሺወርቅ፣ የሺመቤት፣ የሺዋስ፣ የሺወንድም። ይበልጣል፣ ይታየው፣ ይሁኔ። አበበ፣ አበባው፣ አበባየሁ። ስሞቻችን በአንድ በር ገብተው ውስጥ የሚለያዩ ናቸው። ይባስ ብሎ አንዱ ኃይሉ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ሀይሉ፤ ለዛፉ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ገና መጀመሪያው ፊደል ላይ ይለያያሉ። ይህን ሳላስተካክል ቁጥር ማውራት ዋጋ አልነበረውም።

የእኔ ልብ ያለው ግን ከሁሉም ይልቅ 1.4427 ላይ ነው። ትራይ የሚባል ዛፍ አለ፤ ከዲጂታሉ ጋር ወንድማማች ነው። ስሞቹን ጫፍ ላይ ብቻ ያስቀምጥና መሐል ላይ መለያያ አንጓ ያበጃል። ስንት መለያያ ያስፈልጋል? ለእያንዳንዱ ስም 1.4427 ያህል፤ ማለትም 1 ለ2 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ሲካፈል። (ከላይ ካለው 1.4404 ጋር እንዳታምታቱት፤ ዝምድና የላቸውም።) ኮምፒውተር ላይ በሺህ ስም፣ በአሥር ሺህ፣ በመቶ ሺህ ሞክሩት፤ አማካዩ 1.4427 አካባቢ እያለ ይመልሳል። ቋሚ ነው ብላችሁ ትፈርማላችሁ።

ቋሚ አይደለም። ይወዛወዛል። የስሞቹ ብዛት እጥፍ በሆነ ቁጥር አንድ ጊዜ ከፍ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ወደ መጨረሻ የሌለው ብዛት ብትሄዱም መወዛወዙን አያቆምም። ከመሐሉ የሚርቀው ግን ከ2 ሚሊዮንኛ በታች ነው። ስለዚህ ይህ ጥምርታ የሚያርፍበት ቁጥር የለውም። እያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ቅርንጫፍ ስለሆነ ዛፉ የ2ን እጥፎች ያስታውሳል፤ ቁጥሩ ወደ ሁለት እጥፍ ሲጠጋና ሲርቅ ይሰማዋል። በሙከራ ብቻ የሚያምን ሰው ይህን መቼም አያገኘውም። እኔ ማረጋገጫ የሚባለውን ነገር መውደድ የጀመርኩት ይህን ካየሁ በኋላ ነው፤ ወዳጄ ግን «ሁለት ሚሊዮንኛ? እንኳን ዕድር ባንክም አይጠይቅህ» ብሎ አለፈው።

ዕድር ውስጥ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ሰው ይወጣል፣ ሰው ይሞታል። ስም ይሰረዛል። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስም ስለ ማስገባት ብቻ ነው። በ1962 ቶማስ ሂባርድ ከዛፍ ላይ ስም መሰረዣ ቀላል ዘዴ አወጣ። ሁለት ቅርንጫፍ ያለውን ስም ስታነሱ በፊደል ተራ ወዲያው የሚከተለውን ከታች አምጥታችሁ ቦታው ላይ መተካት ነው። አንድ ስም በዘፈቀደ ቢሰረዝ የዛፉ ዘፈቀዳዊነት እንደማይበላሽ አረጋገጠ። ሰው ሁሉ አረፈ፤ 1.386 ባለበት ነው ተባለ።

በ1975 ጋሪ ኖት ቀዳዳ አገኘ። መሰረዙ ብቻ ችግር የለውም፤ ከመሰረዝ በኋላ አዲስ ስም ሲገባ ነው ዛፉ ቅርጹን የሚለውጠው። በ1978 አርነ ዮናሰንና ክኑዝ ከሦስት ስም በላይ የማይይዝ ዛፍ ወስደው ሲሰረዝና ሲገባ ምን እንደሚሆን ለማስላት ተነሱ። ሦስት ስም! ስሌቱ ግን ቤሰል የሚባሉ፣ የፊዚክስ ሰዎች ስለ ከበሮ ቆዳ ንዝረት ሲያሰሉ የሚገናኟቸውን ፈንክሽኖች ጠየቀ። በ1983 ጄፍሪ ኤፒንገር በኮምፒውተር ሞከረው። መጀመሪያ ዛፉ ይሻሻላል። ብዙ ከቆየ በኋላ ግን ይበላሻል፤ ትልልቆቹ ዛፎች ከዘፈቀዳዊውም ብሰው ይገኛሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጆሴፍ ከልበርሰን በአንድ ሞዴል ምክንያቱን አሳየ፤ ሁሌ ከቀኝ ብቻ መተካቱ ዛፉን ያዘነብለዋል። አማካዩ ጥልቀት ከሎጋሪዝም ተነስቶ ከብዛቱ ስኩዌር ሩት ጋር ማደግ ይጀምራል። ለሚሊዮን ስም ስኩዌር ሩቱ 1,000 ነው።

ስለዚህ ለዕድሩ በመጨረሻ የመረጥኩት ትሪፕ የሚባለውን ነው፤ ሴሲሊያ አራጎንና ራይሙንድ ዛይደል በ1989 ያወጡት። ስም ሲገባ አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ይሰጠዋል። ዛፉ ስሞቹ በዚያ ቁጥር ተራ የመጡ ይመስል ቅርጹን ያስተካክላል። ሲሰረዝም፣ ሲገባም፣ በፊደል ተራም ይምጣ በሌላ፣ ቅርጹ ሁሌም የተተራመሰ ዝርዝር ቅርጽ ነው። 1.386ም፣ 4.311ም በቦታቸው ይቆያሉ። ወጪው በየስሙ አንድ ተጨማሪ ቁጥር መያዝ ነው። ጋሼም አዲስ አባላትን አሁንም በፊደል ተራ ጽፈው ነው የሚያመጡልኝ፤ እኔም እንደመጣ አስገባዋለሁ።